ሦስተኛው ሰላም በመቃብሩ በር

አንድ ሰው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከአባቱ ቀብር ራስጌ ተቀምጦ ነበር።

ወሩ ሐምሌ ነው። ብርድ ነው። ሰውየው ጉንፋን ይዞታል፤ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። ዱዓውን አድርጎ ጨርሷል፤ አሁን ዝም ብሎ ጉሙን ያያል።

ምን ጥፋት አለው? ምንም። አባቱን የሚዘይር ልጅ ነው፤ አላህ ይቀበለው።

ነገር ግን ጀመዓዎች፣ ይህ ሰው ሐሙስ ሐሙስ የሚመጣው ሐሙስን ወዶ አልነበረም። ወንድሙ ዓርብ ዓርብ ስለሚመጣ ነበር።

ልብ አላችሁ? አንድ አባት። አንድ ቀብር። ሁለት ልጆች። ሁለት ቀን።

ስማቸውን ቀይሬ ነው የምነግራችሁ፤ ሐሜት እንዳይሆንብን። ታናሹን ጀውሃር እንበለው፣ ታላቁን አራጋው። ቦታውን ደግሞ ጨፌ ዙበይር እንበለው። ከወሎ ደጋ ላይ፣ ሸህ ዙበይር የሚባሉ ዓሊም ከነደረሶቻቸው ያረፉበት የጥንት መቃብር ነው። መምህሩ መሃል ላይ፣ ደረሶቹ ዙሪያውን፤ ትምህርት ላይ እንዳሉ እንቅልፍ የጣላቸው ይመስላሉ። የራስጌ ድንጋዮቹ በእርጅና ዘመዋል፤ አንዳንዱ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ ምሥጢር የሚያወራ ነው የሚመስለው። የጥዱ ግንድ ሦስት ሰው አያቅፈውም። ከዚያ ቅጠል የሚበጥስ የለም። የጎረቤቱን አጥር ነቅሎ የሚያነድ ሰው እንኳ ከጨፌ ዙበይር ጭራሮ አያነሳም። ሰው እንዲህ ነው፤ ከሕያው ይልቅ ሙትን ያፍራል።

ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። ከበሩ ትደርሳላችሁ፤ ጫማ ታወልቃላችሁ፤ "አሰላሙ ዓለይኩም፣ እናንተ የዚህ ቤት ሰዎች" ትላላችሁ፤ ትገባላችሁ። መልስ አትጠብቁም። ሙታን ይሰማሉ ወይስ አይሰሙም የሚለውን ለዑለሞች እንተወው፤ እነሱም ስንት ዘመን ተነጋግረውበት ገና አልጨረሱም። እኛ ሰላም እንላለን፣ ለሞቱት ዱዓ እናደርጋለን፣ የራሳችንን አኺራ፣ የወዲያኛውን ዓለም፣ እናስባለን፣ ጫማችንን አድርገን እንወርዳለን። ዚያራ ማለት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ጠባቸው።

አባታቸው የሞቱ ለት ጀውሃር ለሥራ ከተማ ሄዶ ነበር። እንደ ተደወለለት ያገኘው መኪና ላይ ወጣና ለወንድሙ መልሶ ደወለ። "አያ፣ ጠብቁኝ። መንገድ ላይ ነኝ። ፊታቸውን ልይ" አለ። አራጋው "እሺ" አለ። ጀውሃር ሲደርስ የመጨረሻው አፈር ተደልድሎ ውሃ እየተረጨበት ነበር።

"አያ፣ እሺ ብለኸኝ አልነበር?"

"ጀናዛ አይቆይም፣ ጀውሃር።"

ይህችው ናት። ሌላ ነገር የለም። ድንበር አልተገፋፉም፣ በከብት አልተጣሉም። ሽማግሌ ገባ፤ ሽማግሌ ወጣ። ጀናዛን ማፋጠን ሱና ነው፤ አራጋው ልክ ነው። ልጅ የአባቱን ፊት አይቶ እንዲሰናበት መጠበቅ ደግሞ የወንድም ወግ ነው፤ ጀውሃር ልክ ነው። አንዳቸው አጥፍቶ ቢሆን ኖሮ በሳምንቱ ይታረቁ ነበር። ችግሩ ሁለቱም ልክ መሆናቸው ነበር። ልክ የሆነን ሰው ደግሞ ማን ያስታርቀዋል?

ከዚያ ወዲያ ዓመት ዓመትን ወለደ፤ በመካከላቸው ሰላምታ የለም። ገበያ ላይ ድንገት ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ አንዱ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስራል። ኮንጎ ጫማ ማሰሪያ እንደሌለው አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ግን ማንም አይናገርም።

ወደዚያች ሐሙስ እንመለስ።

አራጋው በማግስቱ፣ ዓርብ፣ ለሠርግ ወደ ሩቅ አገር ሊሄድ ነበር። "አባቴን ሳልዘይር አልሄድም" አለና ቀኑን አፋልሶ ሐሙስ ወጣ። ጉሙ የራስን እጅ አያሳይም። ከበሩ ደረሰ፣ ጫማውን አወለቀ፣ እንደ ልማዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

"አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላህ!" አለ።

እንግዲህ ጀውሃር ሙስሊም ነው። ሰላም የተባለ ሙስሊም ምን ያደርጋል? ሰላም ማለት ሱና ነው፤ መመለስ ግዴታ ነው። አፉ ከልጅነቱ ጀምሮ ለምዶታል። ጆሮው "ይህ ድምፅ የማን ነው?" ብሎ ሳያጣራ አፉ ቀደመው። በዚያ በጉንፋን በሻከረ ጉሮሮ፣ ከጋቢው ውስጥ፣

"ወዓለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ" ሲል መለሰ።

ከዚያ የአራጋው ድምፅ መጣ። ያ ገበያ ላይ በሬ ሲያስማማ የሚታወቀው ድምፅ አልነበረም። የልጅ ድምፅ ነበር።

"አባዬ? አንቱ ነዎት?"

ነገሩ ለጀውሃር የገባው ያኔ ነው። ወንድሙ መሆኑን አወቀ። ወንድሙ ማንን እንዳሰበም አወቀ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ "እኔ ነኝ" ማለት። አላለም። የጋቢውን ጫፍ በጥርሱ ነከሰና ዝም አለ። ሳሉን እንኳ ዋጠው።

አራጋው አልገባም። ለአባቱ ጀርባውን ላለመስጠት ወደ ኋላው እየተራመደ፣ የክትክታው ቁጥቋጦ ውስጥ እየገባና እየወጣ፣ ጫማውን በእጁ እንደያዘ ቁልቁል ወረደ።

ጀውሃር ቤቱ ሲደርስ ሳቁ አላስቀምጠው አለ። ሚስቱ ቶይባ ምን እንዳሳቀው ጠየቀችው፤ ነገራት። እሷ አልሳቀችም።

"እንግዲያው ሰላም ተባባላችሁ በለኛ" አለች።

"ምን ተባባልን? ማን እንደሆነ ሳላውቅ ነው እኮ የመለስኩት!"

"እሱ ሰላም አለ። አንተ መለስክ። እኔ እስከማውቀው ይኼ ሰላም መባባል ነው።"

"እሱ አባቴን መስሎት ነው!"

"አንተስ ማን መስሎህ ነው?"

"እንጃ፤ ሰው ነዋ፣ ማንም ሰው።"

"ወንድምህ መሆኑ ሲታወቅ ነው እንግዲህ ከሰውነት የሚወጣው" አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ጀውሃር ግን አንድ የተደበቀ ደስታ በልቡ ይዞ ከረመ። በፈለገው ቀን ገበያ መሃል ቆሞ "ያ ሰላም የመለሰልህ እኔ ነኝ" ቢለው፣ ወንድሙ ያገር መሳቂያ ነው። እንዲህ ያለ ነገር እጃችሁ ሲገባ ምን ታደርጋላችሁ? ወዲያው ታወጡታላችሁ? ማንም አያወጣም። እንደ ዘር እህል ከቆጥ ላይ ይሰቀላል፤ እስኪዘራ ይጠበቃል።

አራጋው ከሠርጉ ሲመለስ "አባቴ ሰላሜን መለሱልኝ" አለ። ከመስጊድ ሲወጣ ለአንድ ሰው ነው የነገረው። ለአንድ ሰው መንገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። በማግስቱ አገሩ ሰማ። እኩሌታው አለቀሰ፤ እኩሌታው "ጆሮውን ይታይ" አለ። ላሟ የጠፋችባት ሴት የት እንዳለች የአራጋውን አባት ልትጠይቅ ዳገቱን ወጣች። ልጁ ለፈተና የሚቀመጥበት ሰው ተከተላት። የመስጊዱ ኢማም ተቆጡ። "ቀብር የሚዘየረው ለሙታን ዱዓ ልታደርጉላቸው ነው እንጂ እነሱን ልትለምኑ አይደለም፤ የሚሰጠውም የሚነሳውም አላህ ብቻ ነው" አሉ። እውነታቸውን ነው። ላሟ ግን በገዛ እግሯ ከጎረቤት ማሳ ተገኘችና ነገሩን አባሰችው።

ጀውሃር በሳምንቱ ሐሙስ ሲወጣ አባባ ሲራጅን ከበሩ ተቀምጠው አገኛቸው። አባባ ሲራጅ የመቃብሩ ኻዲም ናቸው፤ ግቢውን የሚጠርጉ፣ ከብት እንዳይገባ የሚጠብቁ ሽማግሌ።

"ጀውሃር፣ አባትህ ንግግር ጀመሩ አሉ።"

"ሲሉ ሰማሁ።"

"ይገርምሃል። እኔ ስንት ክረምት ዙሪያቸውን ስጠርግላቸው አንድ ቀን 'ሲራጅ፣ እንደምን አደርክ' ብለውኝ አያውቁም። ከቅርብ ዘመድ ጋር ብቻ ነው መሰለኝ የሚጨዋወቱት።"

ጀውሃር ጫማውን እያወለቀ መሬት መሬቱን ያያል።

"ያን ለት አንተም መጥተህ አልነበር?"

"እንጃ፣ አባባ። ጉም ነበር።"

"ጉሙንማ አውቀዋለሁ" አሉ ሽማግሌው። "ጉም ሰላም አይመልስም።"

መጥረጊያቸውን አንስተው ወደ ጓሮ ሄዱ።

ጀመዓዎች፣ እስካሁን ያለው የሚያስቅ ነው። አሁን የማያስቀው መጣ።

አራጋው ዓርብ ሲደርስ ገላውን ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ ወጣ። ከበሩ ቆሞ ሰላም አለ። ጠበቀ። መልስ የለም። ጀውሃር የሐሙስ ሰው ነው፤ ማን ይመልስለት? እንደገና ሰላም አለ። ጠበቀ። የለም። ለሦስተኛ ጊዜ አለ። ከጥዱ ላይ ወፍ ተነሳች፤ ሌላ የለም። ጫማውን አንስቶ ዞረ።

"አራጋው፣ ወዴት ነው? ግባ እንጂ" አሉት አባባ ሲራጅ።

"አልተፈቀደልኝም።"

"ማን ከለከለህ?"

"የሰው ቤት ስንሄድ ሦስቴ ሰላም ብለን ዝም ካሉን እንመለሳለን። ሥርዓቱ ይኼ አይደለም እንዴ?"

"እሱ ለሰው ቤት ነው፣ ልጄ። ይኼ መቃብር ነው።"

"ለእርስዎ ነው መቃብር" አለ አራጋው። "እኔ መልስ አግኝቼበታለሁ።"

አያችሁ? ሥርዓቱን አላጣውም። የሰውን ደጅ ሳያስፈቅዱ አለመግባት፣ ሦስቴ ሰላም ብሎ መመለስ፣ ይህ ሁሉ ያማረ አደብ ነው። የትኛው አደብ ለየትኛው በር እንደሆነ ነው የጠፋበት። የወንድሙ በር ከቤቱ ቢጣራ የሚሰማበት ቅርበት ላይ ነው። እዚያ በር ላይ አንድም ቀን ሰላም ብሎ አያውቅም። እዚህ ዳገት ወጥቶ ሦስቴ ይላል።

ክረምቱን እንዲሁ ከረመ። ዓርብ ይወጣል፣ ሦስቴ ሰላም ይላል፣ ይመለሳል። አንድ እግሩን ወደ ውስጥ አላስገባም። የአባቱን ራስጌ ድንጋይ አላየም። "አባቴ መለሱልኝ" ያለው አፍ "አባቴ አኮረፉኝ" ይል ጀመር። ከሳ። ሱሪው በገመድ ካልታሰረ አልቆም አለ። መስከረም ሲጠባ ልጆቹን ሰብስቦ፣ "ስሞት ጨፌ ዙበይር አትውሰዱኝ፤ በቆላው መቃብር ቅበሩኝ። ከማይፈልገኝ ሰው አጠገብ ተጋድሜ ምን እሠራለሁ?" አላቸው።

ወሬውን ለጀውሃር ያመጣችው ቶይባ ናት።

"እንግዲህ ደስ ይበልህ፤ ብድርህን መለስክ" አለችው።

"እኔ ደግሞ ምን አደረግኩት?"

"ምንም አላደረግክም። ዝም ነው ያልከው።"

"እሱ ያኔ ያደረገኝን ረሳሽው?"

"አልረሳሁም። አባትህን እንዳታይ አደረገህ። አንተም ይኸው እሱ አባቱን እንዳይዘይር አደረግከው። ልዩነታችሁ እሱ ቸኩሎ ነው፤ አንተ ግን ክረምቱን ሙሉ ተቀምጠህ ነው።"

ሐሙስ ደረሰ፤ ወደ መቃብሩ አልወጣም። ቶይባ ለምን እንደቀረ አልጠየቀችውም። ዓርብ ማለዳ ግን ጋቢውን አነሳና ወጣ።

"ቀን ተሳሳትክ?" አሉት አባባ ሲራጅ ከበሩ።

"አልተሳሳትኩም።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉና መጥረጋቸውን ቀጠሉ።

ሰማዩ ጠርቷል። ለመደበቂያ የሚሆን ጉም የለም። የአባታቸው ቀብር ግን ከአንድ ሰፊ ጥድ ጀርባ ነው፤ ከበሩ ቆሞ የሚያይ ሰው እዚያ የተቀመጠውን አያየውም። ጀውሃር ግንዱን ተደግፎ ተቀመጠና አሰበ።

ዝም ቢል፣ ወንድሙ ይመለሳል፤ ምናልባትም ለመጨረሻ ጊዜ። ተደብቆ ቢመልስ፣ ወንድሙ በደስታ ይገባል፤ ግን በአባቱ ቀብር ላይ ውሸት መዋሸት ነው፤ በየሳምንቱም የሙት ሥራ ሊሠራ ነው። ተነስቶ "እኔ ነኝ" ቢል ደግሞ፣ ለወንድሙ የመለሰለትን አባት ከእጁ ሊነጥቀው ነው። ያ ከቆጥ የሰቀለው የዘር እህል ነቅዞ ኖሯል። ለማሾፍ ያስቀመጠው ነገር አሁን ሲያወጣው የማያስቅ ሆኖ አገኘው።

ከበሩ ድምፅ መጣ።

"አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላህ።"

ጀውሃር ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ አልወጣለትም። ጉንፋኑ ከለቀቀው ቆይቷል፤ በጉንፋን አያሳብብም። "አባባ ሲራጅ በነገሩት ምናለ" ብሎ ወደ ሽማግሌው አየ። ሽማግሌው ይጠርጋሉ።

"አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላህ።"

አሁንም አፉን ከፈተ፤ አፉ ባዶ ነው። ያ ሳይጠየቅ የቀደመ አፍ፣ ሲፈለግ ቀረ።

ሦስተኛው ቆይቶ መጣ። ዝግ ያለ ነበር። ሰው መልስ እንደማያገኝ አውቆ፣ ሥርዓት ለመሙላት ብቻ የሚለው ዓይነት።

"አሰላሙ ዓለይኩም።"

ከዚያ ጫማ ከጫማ ሲጋጭ፣ ጭቃ ሲራገፍ ተሰማ። አራጋው ሊሄድ ነው።

"ወዓለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ!" አለ ጀውሃር። ጮኾ ነው ያለው። በዚያው ትንፋሽ ደግሞ፣ "አያ፣ አትሂድ። እኔ ነኝ" አለ። ከጥዱ ጀርባ ወጣ።

ሁለቱ ተያዩ። ጫማ ያሰረ የለም።

"ያኔም አንተ ነበርክ?" አለ አራጋው።

"እኔ ነበርኩ።"

"ክረምቱን ሁሉ ስመላለስ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

አራጋው የበሩን ድንጋይ ደገፍ አለ። ይቆጣል ብሎ ጀውሃር ጠበቀ። አልተቆጣም።

"አባዬን ዛሬ ቀበርካቸው" አለ። "ያኔ እኔ ቀበርኳቸው፤ ዛሬ አንተ።"

"አያ..."

"ተወኝ። ትንሽ ልቁም።"

አባባ ሲራጅ መጥረግ አቁመዋል። ጀውሃር ያን ሁሉ ዓመት ይዞት የኖረውን ጥያቄ አወጣው።

"ለምን አልጠበቅከኝም?"

አራጋው ወደ መሬት አየ። "ዝናብ ሊጥል ደመናው ከብዶ ነበር። ሰዉ ሁሉ 'ቶሎ፣ ቶሎ' ይላል። 'ልጃቸው እየመጣ ነው፣ ጠብቁ' የሚል አንድ ሰው አጣሁ። ማን ይበል ብዬ ፊት ፊታቸውን አየሁ። ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ሌላ ሰው እንዲልልኝ ስጠብቅ አፈሩ አለቀ።"

"ይህንን ለምን አልነገርከኝም?"

"መች ሰላም አልከኝና?"

"አንተስ መች አልከኝ?"

"ጎበዝ!" አሉ አባባ ሲራጅ። "ይህን ክርክር እዚህ የተኙት ሁሉ ጀምረውት ነው የሞቱት። እናንተ በሕይወት ሳላችሁ ጨርሱት።"

ወንድማማቾቹ ሁለቱም ፈገግታ ሊያመልጣቸው ሲል ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ አራጋው፣

"እስኪ ድገመው" አለ።

"ምኑን?"

"ሰላሙን። እኔ እኮ የደነቆርኩ ሰው አይደለሁም። ድምፅህ የሳቸው ነው። እያረጀህ ነው መሰለኝ።"

ጀውሃር ወደ በሩ ቀረበ። በጉንፋን ያልሻከረ፣ በጉም ያልተሸፈነ ድምፅ ነበር።

"ወዓለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ፣ አያ።"

አራጋው ዓይኑን ጨፍኖ ሰማው። ከዚያ እግሩን አነሳና ገባ።

ያን ዓርብ ሁለት ልጆች በአንድ ቀን አንድ አባት ዘየሩ። ሌላ ተአምር አልታየም።

እንግዲህ ጀመዓዎች፣ እናንተስ?

በዒድ ማግስት መቃብር ትወጣላችሁ። በበሩ ቆማችሁ ለሁሉም ሰላም ትላላችሁ። ለማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ቅድመ አያቶቻችሁ እንኳ ላላዩአቸው ሰዎች ነው። ከነሱ መካከል ድንበር የገፋ የለም? ምላሰኛ የለም? ሞልቷል። እናንተ ግን አትመርጡም። "መጀመሪያ እሱ ሰላም ይበለኝ" አትሉም። ከዚያ ቁልቁል ትወርዱና በእህታችሁ ደጅ አንገታችሁን አዙራችሁ ታልፋላችሁ።

ለሙት ሰላም ማለት ለምን ቀለለን? ሙት የድሮ ነገር አያነሳማ! "ያኔ እንዲህ አላልከኝም?" አይልም። ምርጥ ዘመድ ነው፤ ዝም ብሎ ይቀበላል።

ዚያራ ተዉ ማለቴ አይደለም። ሂዱ፣ ወጥታችሁ ዘይሩ፤ ለሞቱት ዱዓ አድርጉላቸው፤ እነሱ ምስኪኖች የኛን ዱዓ ይጠብቃሉ። ግን ቀብር አኺራን ያስታውሳል ስንል ምንድን ነው የሚያስታውሰን? ነገ እናንተ ከበሩ ውስጥ ናችሁ። ወንድማችሁ ከበሩ ውጭ ቆሞ ሰላም ይላል። ያን ጊዜ መመለስ ብትፈልጉ በምን አፍ? በየትኛው ምላስ? ዛሬ ምላስ አለ። ዛሬ ለሁሉ ነገር ይበቃል፤ ለሐሜት ይበቃል፣ ለክርክር ይበቃል፣ ለገበያ ይበቃል። ለአንድ ሰላም ሲሆን ነው የሚያጥረው።

"እኔ ምን አደረግኩ?" የምትሉ አላችሁ። አውቃለሁ። ከመጋረጃው ወዲያ ያላችሁ እህቶቼም አላችሁ። ምንም አላደረጋችሁም። ዝም ነው ያላችሁት። በረመዳን እህታችሁ ደወለች፤ አላነሳችሁም። ያ አንደኛው ሰላም ነበር። ስትታመሙ ልጇን በወተት ላከች፤ ወተቱን ተቀብላችሁ "ደህና ነኝ በላት" ብላችሁ መለሳችሁ። ያ ሁለተኛው ነበር። አሁን ከበራችሁ ቆማ ሦስተኛውን ልትል ነው፤ ወይም ብላ ጨርሳ ጫማዋን እያራገፈች ነው። ከዚያ በኋላ ብትጮኹ ትሰማችኋለች?

"ልክ ነኝ እኮ" ትሉኛላችሁ። ሁኑ። ማን ከለከላችሁ? ልክ ሆናችሁም ሰላም መመለስ ይቻላል። ሰላም መመለስ ተሸነፍኩ ማለት አይደለም። ግዴታ ነው፤ እንደ ሰላት ግዴታ ነው።

ይኸው ሙአዚኑ ሰዓት ሰዓት እያየብኝ ነው፤ ለሰላት መቆሚያውን ኢቃማ ሊል ነው። ተነሱ፣ ሰልፋችሁን አስተካክሉ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጉ። ስትቆሙ ግን አንድ ነገር አስቡ። ሰላታችንን የምንጨርሰው በምንድን ነው? ወደ ቀኝ ዞረን ሰላም እንላለን። ወደ ግራ ዞረን ሰላም እንላለን። ከመጀመራችን በፊት በቀኝ ያለው ማን እንደሆነ እዩ። በግራም ያለውን እዩ።

አንተ ደግሞ ቦታህን ልትቀይር ያሰብከው ወንድሜ፣ እዚያው ቁም።